አረፋው ልጅሽን አይጎዳውም፤ ኳሱ ግን ሊጎዳው ይችላል

ጥያቄው የመጣው እንግሊዝ አገር ከምትኖር እናት ነው። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ ላስቀምጠው፦

«ዶክተር፣ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ 28 ኪሎ ይመዝናል። ከ11 ቀን በፊት ሳይክል ሲነዳ ወደቀና የመሪው ጫፍ ከግራ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወጋው። ቦታው ክብ ሆኖ በለዘ። ማታ ‹ሆዴን› እያለ ሁለት ጊዜ አስመለሰውና ድንገተኛ ክፍል ወሰድነው። አልትራሳውንድ አዩትና ‹ፈሳሽ የለም› አሉን። እፎይ ብለን ሳንጨርስ ሲቲ ስካን ይነሳ አሉ። ሲቲው ላይ ጣፊያው ተቀዷል፣ ደረጃ 3 ነው ተባለ። ኦፕራሲዮን ሳይደረግ 4 ሌሊት ተኝቶ ወጣ። አሁን ለማክሰኞ ቀጥረውታል፤ በደም ስሩ አረፋ ሰጥተን በአልትራሳውንድ እናየዋለን ይላሉ። አየር በደም ስር ከገባ ሰው እንደሚሞት እኮ ነው የማውቀው! ኩላሊቱንስ አይጎዳውም? ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ለምን የመጀመሪያው ቀን አላደረጉለትም፣ ለምን ጨረር ውስጥ ከተቱት? ወይስ ሲቲውን ቢደግሙት ይሻላል? ባለቤቴ ምንም አያስፈልገውም ባይ ነው፤ ልጁ ድኗል፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግቢ ውስጥ ኳስ እየተጫወተ ነው። እናቴ ደግሞ ሆዱን በቅቤ ልሽው እያለች ነው።»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ስለሆነ። ኳሱን ዛሬውኑ አስቁሚው። አረፋው ያስጨነቀሽን ያህል ኳሱ ቢያስጨንቅሽ ደስ ይለኝ ነበር።

የተቀደደ ጣፊያ በ11 ቀን አይድንም። አሁን ቅዳዱን ይዞ ያለው የረጋ ደምና ገና ያልጠነከረ ጠባሳ ነው። ልጆች ላይ የሚያሳስተው ነገር ሕመሙ ከቁስሉ ቀድሞ መሄዱ ነው። በሳምንቱ ይስቃሉ፣ ይበላሉ፣ ደረጃ ላይ ይዘላሉ፤ ጣፊያው ግን ገና ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች የሚሠሩበት ቀላል ስሌት አለ፦ የጉዳቱ ደረጃ ላይ (የቅዳዱ ክብደት ነው፣ ከ1 እስከ 5 ይቆጠራል) 2 ደምሪ፣ የሚወጣው ቁጥር ልጁ ከግጭትና ከሩጫ የሚቆጠብበት ሳምንት ነው። ደረጃ 3 ሲደመር 2፣ 5 ሳምንት፤ የሚቆጠረውም ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ነው። ሲወጣ የሰጡሽ ወረቀት ከዚህ የረዘመ ጊዜ ከጻፈ የወረቀቱን ተከተይ። ኳስ፣ ሳይክል፣ ትራምፖሊን፣ ከወንድም ጋር ሶፋ ላይ መታገል፣ ሁሉም ይቆማል። መራመድ፣ ተቀምጦ መጫወት፣ ሐኪሞቹ ከፈቀዱ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል።

እማማም ይቅር ይበሉኝ፣ ሆዱ በፍጹም አይታሽም። በቅቤም፣ በዘይትም፣ በቀስታም። ወጌሻ ጋ የሚያስኬድ ነገርም አይደለም። የታሸው ቦታ ሥር ያለው የዞረ ሥጋ ሳይሆን የተቀደደ የደም ቋት ነው። ሌላ የሚረዱበት መንገድ አለ፤ ልጁን ቁጭ አድርገው ተረት ያውሩለት።

አሁን ወደ አረፋው። «አየር በደም ስር ከገባ ይገድላል» የሚለው ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም። ብዙ አየር ባንዴ ሲገባ ልብ ውስጥ ይጠራቀምና የደሙን መንገድ ይዘጋል። ነርሶች ግሉኮስ ሲሰቅሉ ቱቦውን በጣታቸው ጠንቆል ጠንቆል የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ለልጅሽ የሚሰጠው ግን ይሄ አይደለም፤ ስሙ «አረፋ» መሆኑ ነው ጉዱ። እኔ ራሴ ለወላጅ ሳስረዳ አረፋ የሚለውን ቃል ከአፌ ሳወጣ ፊታቸው ሲለወጥ አያለሁ፤ ሌላ ስም ብሰጠው ደግሞ መደበቅ ይሆንብኛል።

ማክሰኞ የምታይው ይሄን ነው። ትንሽ ብልቃጥ አለች፣ ውስጧ ነጭ ዱቄት። 5 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ ይገባባትና ለ20 ሰከንድ በደንብ ትናጣለች። ሲወጣ ወተት ይመስላል። እንግሊዝ ውስጥ የምታገኚው ሶኖቪዩ የሚባለው ነው፤ አሜሪካ ያው መድኃኒት ሉማሰን ይባላል። በአንድ ሚሊው ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አረፋዎች አሉ፤ የአንዷ ስፋት በአማካይ 2.5 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 7 ገደማ መሆኑን አስቢ። ስለዚህ ቀይ ሕዋስ በሚያልፍበት ቀጭን ደም ስር ሁሉ አረፋዋ ዘና ብላ ታልፋለች፤ የምትዘጋው ነገር የለም። ልባሷ ፎስፎሊፒድ የሚባል ስብ ነው። ውስጧ ያለው ደግሞ አየር ሳይሆን ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የሚባል፣ ከሰውነት ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ነው። ተራ አየር ቢሆን ደም ውስጥ ሟሙቶ ወዲያው ይጠፋ ነበር፤ ይሄኛው በቀላሉ ስለማይሟሟ ጥቂት ደቂቃ ይቆይልናል።

ስሌቱን ልሥራልሽ፤ ካልሠራሁት አታምኚኝም። የአሜሪካው የመድኃኒቱ መመሪያ ለልጆች የጉበት ምርመራ የሚያዘው በኪሎ 0.03 ሚሊ ሊትር ነው። 28 ኪሎ ሲባዛ 0.84 ሚሊ። አውሮፓ ውስጥ ብዙ ቦታ በዕድሜ ነው የሚሰላው፣ በየዓመቱ 0.1 ሚሊ፤ ለ9 ዓመት ልጅ 0.9 ይመጣል፣ ያው ነው። በአንድ ሚሊ ውስጥ ያለው ጋዝ 8 ማይክሮሊትር ብቻ ነው፤ ማይክሮሊትር የሚሊ ሊትር አንድ ሺኛ ነው። ስለዚህ ልጅሽ ውስጥ የሚገባው ጋዝ ተጠቃሎ ቢሰበሰብ 7 ማይክሮሊትር ገደማ ይሆናል። አንዲት የውሃ ጠብታ 50 ገደማ ናት። የጠብታ አንድ ሰባተኛ ማለት ነው፣ እሱም በመቶ ሚሊዮን ቦታ ተበትኖ። ከዚያ ልባሱ ይሰበራል፣ ጋዙ በደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ልጁ ይተነፍሰዋል። በሩብ ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ወጥቷል።

ኩላሊቱንም አይነካውም። ይሄን ጥያቄ ያመጣው የሲቲው ኮንትራስት፣ ምስሉ እንዲጎላ በደም ስር የሚሰጠው መድኃኒት፣ ይመስለኛል። እሱ አዮዲን ያለበት ነው፣ በኩላሊት ነው የሚወጣው፤ ለዚህም ነው አንዳንዴ ቀድመው የኩላሊት ምርመራ የሚጠይቁት። የኤምአርአዩ ደግሞ ጋዶሊኒየም ነው። አረፋው ከሁለቱም ጋር ዝምድና የለውም።

አደጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ማንኛውም በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒት አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። አዋቂዎች ላይ ከባዱ ዓይነት ከ10,000 ሰው አንድ ላይ ገደማ የሚያጋጥም ነው፤ ራስ ምታት፣ የማቅለሽለሽ ስሜት፣ አፍ ውስጥ የተለየ ጣዕም የመሳሰሉት ቀለል ያሉት ከዚያ ይበዛሉ፣ ቶሎም ያልፋሉ። የአሜሪካው የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ በጥቁር ሳጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ አለ፤ የልብና የመተንፈሻ ችግር ሊያመጣ እንደሚችልና ይሄ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው 30 ደቂቃ ውስጥ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ምርመራው እንዳለቀ ልጁን አንጠልጥለሽ ወደ ፓርኪንግ አትሩጪ፤ ግማሽ ሰዓት እዚያው ቁጭ በሉ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገርሽ። መድኃኒቱ ውስጥ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል ነገር አለ። ይሄው ነገር ማክሮጎል ተብሎ ሆድ ለደረቀባቸው ልጆች በውሃ ተበጥብጦ በሚሰጠው ዱቄት ውስጥ ይገኛል። ልጅሽ እሱን ጠጥቶ ሰውነቱ ሽፍ ብሎበት፣ ከንፈሩ አብጦበት ወይም ትንፋሽ አጥሮት የሚያውቅ ከሆነ መርፌው ከመግባቱ በፊት ተናገሪ፤ እንዲህ ከሆነ አይሰጠውም። የልብ ወይም የሳንባ በሽታ ካለበትም እንደዚሁ ንገሪያቸው።

የፈቃድ ወረቀት ስታነቢ «ከተመዘገበበት ጥቅም ውጪ» የሚል ነገር ልታገኚ ትችያለሽ። አትደንግጪ። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ለልጆች የጉበት ምርመራና ከሽንት ፊኛ ወደ ላይ የሚመለስ ሽንትን ለማየት ፈቅዶታል፤ አውሮፓ ውስጥ የልጆች ፈቃዱ ለፊኛው ምርመራ ነው። ለአደጋ ጉዳት ተብሎ በስሙ አልተመዘገበም። ልጆች ሆስፒታል ውስጥ የምንሰጣቸው መድኃኒቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ መድኃኒት አምራቾች ልጆች ላይ ጥናት ለመሥራት ስለማይጣደፉ ነው እንጂ ክልክል ስለሆነ አይደለም።

በነገራችን ላይ ይሄ የአረፋ ምርመራ ልጆች ላይ የጎለበተው መጀመሪያ በዚሁ በፊኛው በኩል ነው። በዚህ ዘርፍ በመላው ዓለም ስማቸው ከሚነሳው ሐኪሞች አንዱ የእኛው ሰው ናቸው፣ ፕሮፌሰር ካሳ ዳርጌ። ጀርመን ሃይደልበርግ ሠርተው ኋላ የፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል የራዲዮሎጂ ክፍል ኃላፊ የሆኑ፣ አዲስ አበባ ላይም የሕፃናት ራዲዮሎጂ ሥልጠና እንዲቆም የደከሙ ናቸው። «በዚህ የአረፋ ሥራ የታወቀው ማን ነው» ብላ እናትሽ ከጠየቀችሽ ይሄን ንገሪያት፤ ከእኔ ማብራሪያ ሁሉ ይሄ ሳያሳምናት አይቀርም።

ወደ መጀመሪያው ሌሊት እንመለስ። «ፈሳሽ የለም» ሲሏችሁ እናንተ የሰማችሁት «ጉዳት የለም» የሚል ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ይሄን ልዩነት አጥርቶ ያልነገራችሁ ሰው ነው ያጠፋው እንጂ አልትራሳውንዱ አልዋሸም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ፈጠን ተብሎ የሚሠራው አልትራሳውንድ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም አለ ወይ? በጉበትና በቀኝ ኩላሊት መካከል፣ በጣፊያና በግራ ኩላሊት መካከል፣ ከፊኛ ጀርባና በልብ ዙሪያ ጥቁር ነገር ይፈልጋል፤ በቃ። ልጆች ላይ ደግሞ ጉበት፣ ጣፊያ ወይም ኩላሊት ተጎድቶ እያለ ከሦስት አንዱ ገደማ ላይ ምንም የፈሰሰ ነገር አይታይም፤ ደሙ በአካሉ ሽፋን ውስጥ ታፍኖ ይቀራልና። ቅዳዱን ራሱን ለማየት ቢሞከር እንኳ ትኩስ ደም ከጣፊያው ሥጋ ጋር በመልክ ይመሳሰላል፣ ግራጫ በግራጫ ላይ ነው፤ ልምድ ያለውም ሰው ያልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የካሊፎርኒያ ጥናት 925 ልጆችን በዕጣ ከፍሎ ግማሾቹን በዚህ ፈጣን አልትራሳውንድ አይቶ ነበር። በሲቲ ቁጥርም፣ ባመለጠ ጉዳትም፣ በቆይታ ጊዜም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

አረፋ ሲጨመር ግን ጥያቄው ይለወጣል። የማሽኑ ኃይል በጣም ዝቅ ይደረጋል፤ ከፍ ካለ አረፋዎቹ ይፈነዳሉ። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፣ በአንዱ በኩል የምታውቂው ግራጫ ምስል፣ በሌላው በኩል ጨለማ። መርፌው ይገባል፣ ጨው ውሃ ይከተለዋል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል። ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ጨለማው ይበራል። አረፋዎቹ በድምፅ ሞገዱ እየነዘሩ ድምፅ ይመልሳሉ፣ ሥጋው ግን ዝም ይላል፤ ስለዚህ የሚታየው ደም የሚሄድበት ቦታ ብቻ ነው። ኩላሊት መጀመሪያ ቦግ ይላል፣ ቶሎም ይደበዝዛል። ጣፊያ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሜዳ አህያ ይመስላል፣ ነጭና ጥቁር መስመር በመስመር ይሆናል፤ ለማያውቅ ሰው የተሰነጣጠቀ ነው የሚመስለው። ስክሪኑን እያየሽ ከሆነ እዚያ ላይ እንዳትጮሂ። ደቂቃ ሳይሞላ እኩል ይሞላና ከሌሎቹ ሁሉ ረዘም ላለ ጊዜ በርቶ ይቆያል። የተቀደደው ቦታ ግን ደም ስለማይደርሰው ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ልክ መብራት እንደጠፋበት ሰፈር። ግራጫው ምስል ላይ ምንም የማይታየው ቅዳድ ባጠገቡ ባለው ጨለማ ምስል ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

«ታዲያ ለምን የመጀመሪያው ቀን አላደረጉለትም?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን ያን ሌሊት ያደረጉት ትክክል ነበር ባይ ነኝ፤ ምክንያቱ ደግሞ የሳይክሉ መሪ ነው። ልጅ ከፎቅ ወድቆ ሰፊ ቦታው ሲመታና ሹል የመሪ ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ገብቶ ሲወጋው አንድ አይደለም። መሪ ሆዱን ወደ አከርካሪው ይገፋና መሐል ላይ ያገኘውን ይጨፈልቃል፤ ቆሽት፣ አንጀት፣ የአንጀት ማሰሪያው። አረፋ ደካማ የሚሆነው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። የተበሳ አንጀት አያሳይም። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተደብቆ የአንጀት ጋዝ ይጋርደዋል። አከርካሪ፣ ዳሌ፣ ሳንባ አይታይም። ቅድም አረፋው በኩላሊት አይወጣም ብዬ ደስ አሰኝቼሽ ነበር፤ የዚያ ዋጋም ይኸው፦ ሽንት ውስጥ ስለማይገባ ከኩላሊት ወይም ከሽንት ቱቦ የሚፈስ ሽንት ቢኖር አያሳየውም። በዚያ ላይ አረፋው የሚቆየው ደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ አራት አምስት አካል እየተሯሯጡ ማየት ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ መጠኑ ለሁለት ተከፍሎ አንዴ የቀኙ ኩላሊትና ጉበት፣ አንዴ የግራው ኩላሊትና ጣፊያ ይታያል። ይሄን አሳምሮ የሚሠራ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ሲቲ በሰከንዶች ውስጥ ከእነዚህ አብዛኛውን ያሳያል፣ ማንም ያንሳው ማን።

ሁሉም የወደቀ ልጅ ሲቲ ይነሳ እያልኩ አይደለም፣ ኧረ በፍጹም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ 12,044 ልጆችን ያየ የአሜሪካ ጥናት ሲቲ የማያስፈልጋቸውን ልጆች የሚለዩ 7 ነገሮችን አስቀምጧል። ሆዱ ላይ ምልክት ወይም የመኪና ቀበቶ ሰንበር ከሌለ፣ ንቃቱ ደህና ከሆነ፣ ሆዱ ሲነካ ካላመመው፣ ደረቱ ላይ ጉዳት ከሌለ፣ ሆዴን ካላለ፣ ሳንባው ሲደመጥ ትንፋሹ ካልቀነሰ፣ ካላስመለሰው፣ ጣልቃ ገብነት የሚጠይቅ ጉዳት የመኖሩ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። ከእነዚህ አንዱ ተገኘ ማለት ሲቲ ግድ ነው ማለት አይደለም፤ ደም ምርመራ፣ ክትትል፣ ደጋግሞ መመርመር አለ። ያንቺ ልጅ ግን በጻፍሽው ብቻ ሦስቱ ነበሩበት፦ ብልዘቱ፣ ሕመሙ፣ ማስመለሱ። የብልዘቱ ቅርጽ ደግሞ የመሪው ቅርጽ ነበር።

አረፋውን በመጀመሪያው ቀን የምመርጠውም ልጅ አለ። ጎኑን ብቻ የተመታ፣ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ የተረጋጋ፣ አንጀት የሚያስጠረጥር ነገር የሌለው፣ ቀጭን፣ እና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቦታው ላይ ያለለት። እንዲህ ሲሆን ሲቲን ሊያስቀር ይችላል። ምስሉ ጥርት ካላለ ወይም ከሕመሙ ጋር ካልገጠመ ግን ወደ ሲቲ ለመሄድ ማመንታት የለም። ልጁ እየደማ፣ ግፊቱ እየወረደ ከሆነ ደግሞ አረፋ መበጥበጥ ጊዜ መግደል ነው።

ስለ ጨረሩ ራስሽን አትብይ። የልጆች ሕዋስ ቶሎ ቶሎ ይከፋፈላል፣ ገና ረጅም ዕድሜም ከፊታቸው አለ፤ ስለዚህ ካዋቂ ይልቅ እንሳሳላቸዋለን። አንድ የሚያስፈልግ ሲቲ የሚጨምረው አደጋ ግን በጣም ትንሽ ነው፣ ያን ሌሊት ካስገኘው መልስ ጋር ሲመዘን። ሁለተኛው ሲቲ ነው ምክንያት የሚጠየቀው። አሁን ልጁ ደህና ሆኖ ለክትትል ብቻ ሲቲ ይደገም ማለትን አልደግፍም። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፣ ግን ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ይጠይቃል፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ከአረፋው የተሻለ ነገር አያመጣም።

ባለቤትሽ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አልችልም። አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ምልክት የሌለውን፣ በተለይ ዝቅተኛ ደረጃ ጉዳት ያለበትን ልጅ ለክትትል ብለው ምስል አያስነሱም። ለንደን ያለው ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታልን የመሳሰሉ የአውሮፓ ማዕከሎች ግን ጉዳቱ ከፍ ሲል ማየቱን ይመርጣሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ሐሰተኛ አኑሪዝም ይባላል። ጣፊያው ሲቀደድ ውስጡ ያለ ትንሽ ደም ቅዳ ግድግዳው ይሳሳና ደሙ ወደ ውጭ እንደ ፊኛ ይነፋል። ልጁ ምንም አይሰማውም። ብዙዎቹ በራሳቸው ይዘጋሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ዘግይተው፣ ልጁ ድኗል በተባለበት ሰዓት ይፈነዳሉ። ሐኪሞች የሚከራከሩት ሁሉንም መፈለግ ይገባል ወይ በሚለው ላይ ነው። ለእኔ፣ የደረጃ 3 ቅዳድ፣ ኳስ አልተው ያለ ልጅና ጨረር የሌለው ምርመራ ሲገጣጠሙ፣ ክርክሩ አጭር ነው፤ ይታይ።

ሐሰተኛ አኑሪዝም ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ጥቁሩ ቅዳድ ውስጥ ክብ ብሩህ ነጥብ ሆኖ ነው፣ ከደም ቅዳዎቹ ጋር እኩል የሚበራ፣ ቅርጹን ሳይለውጥ የሚቆይ። ቅርጽ የሌለው እየተስፋፋ የሚሄድ ብርሃን ግን የሚፈስ ደም ነው፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ነጥቡ ቢገኝ ወዲያው ቀዶ ጥገና ማለት አይደለም። ትንሽ ከሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ ደግሞ ማየት ይቻላል። ትልቅ ከሆነ ወይም ካደገ በእግር ወይም በእጅ ደም ቅዳ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ መድፈን አለ፤ ጣፊያው ሳይወጣ። ምንም ካልተገኘ ደግሞ ጥቁሩ ቦታ ገና ስላለ «አልዳነም እንዴ» ብለሽ አትጨነቂ፤ ጠባሳው እስኪሞላ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። አንድ ነገር ግን ያዢልኝ፦ ንጹህ ውጤት የኳስ ፈቃድ አይደለም። 5 ሳምንቱ 5 ሳምንት ነው።

እስከ ማክሰኞ ድረስ እነዚህ ከመጡ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ 999 ደውይ፦ ሆዱን እየባሰበት ሲሄድ፣ የግራ ትከሻው ጫፍ ሳይመታ ሲያመው፣ ፊቱ ሲገረጣ፣ ሲያዞረው ወይም ሲወድቅ፣ ልቡ ተቀምጦ ሳለ ሲሮጥ። ትከሻው ላይ ያለው ሕመም ብዙ ሰው ያታልላል፤ ከጣፊያ የወጣ ደም ዲያፍራሙን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ሲነካው ሕመሙ ትከሻ ላይ ነው የሚሰማው። ማስመለስ ከተመለሰ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሰገራው ጥቁር ከሆነም ያስተኙትን ሐኪሞች ያንኑ ቀን አናግሪ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃዋል፤ አይቡፕሮፌን ደም የመርጋት ሥራን ስለሚያውክ እነሱ ካልፈቀዱ አትስጪው።

ምክሬ እንግዲህ፦ ሂዱ፣ ይደረግለት፣ ሲቲ አይደገም። ስትገቢ ሦስት ነገር ጠይቂ። የሚሠራው ሰው ልጆች ላይ አረፋ የሠራ ነው ወይ? የመጀመሪያው ሲቲ ምስል ፊቱ አለ ወይ? ሳይወዳደር የሚታይ ጣፊያ ግማሽ መልስ ነው። ውጤቱን ማን፣ መቼ ነው የሚነግረኝ? ጾም ይኑርበት አይኑርበት ቀድመሽ ስልክ ደውለሽ አረጋግጪ፤ ቦታው ይለያያል። ለልጁም እውነቱን ንገሪው፤ አንድ መርፌ አለ፣ ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የሚቆይ ቀጭን ቱቦ) ለማስገባት፣ ሌላው ሁሉ ቀዝቃዛ ጄል ነው። የእጁን ቆዳ የሚያደነዝዝ ክሬም እንዲቀቡለት ጠይቂ፤ ክሬሙ ለመሥራት እስከ አንድ ሰዓት ስለሚፈጅ ከቀጠሮው ቀደም ብላችሁ ድረሱ።